ከ«አይዞሽ» በኋላ ምን አልናት?

ጎንደር ውስጥ፣ ከአራዳ ብዙም የማይርቅ ግቢ ነው። አምስት ተከራይ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የጋራ ኩሽና። ቡና በተራ ይፈላል። ያን ቀን አንዷ ጎረቤታችን ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ድረስ ስባ መጣች። የግራ ዓይኗ አብጦ ሊከደን ምንም አልቀረውም። ምን ሆንሽ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። ሌሊቱን ሁላችንም ሰምተናል፣ ግድግዳው ጭቃ ነው።

«አይዞሽ» አልናት። ሁላችንም።

ከዚያ ግን እያንዳንዷ የራሷን ጨመረች። አንዷ «አይዞሽ፣ ቻይው፣ ለልጆችሽ ስትይ» አለች። ሌላዋ «አይዞሽ፣ ግን አንቺም ሲቆጣ መልስ አትስጪ» አለች። ሦስተኛዋ «አይዞሽ፣ እግዜር ያየዋል» ብላ ስኒዋን መለሰች። እኔ ዝም አልኩ። ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ እሱ ዝምታዬ ነው።

በረካው ተጠጥቶ ሰው ሲበተን፣ የግቢው ትልቅ ሰው፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ እሷን አስቀሯት። ምን እንዳሏት የሰማሁት ከብዙ ወር በኋላ ነው፣ ከራሷ አፍ። «መታወቂያሽንና የልጆቹን የክትባት ካርድ በጤፍ ከረጢት ሸሽገሽ አምጪልኝ፣ እኔ ጋ ይቀመጥ። አሥርም ሃያም ብር ስታገኚ እንደዚያው። ሌሊት የባሰብሽ እንደሆነ ደግሞ ትልቁን ልጅ ጨው ስጡን በል ብለሽ ላኪው። እኔ ጨው እንዳላለቀብሽ አውቃለሁ።»

(ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀያይሬያለሁ። ጻፊው ያለችኝ ግን እሷው ናት።)

እማማ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ባለሙያዎቹ «የደኅንነት ዕቅድ» ብለው የሚያስተምሩትን ነገር ግን ከሞላ ጎደል አሟልተው ነገሯት። ሰነድ ይውጣ፣ ትንሽ ጥሪት ይኑር፣ የምልክት ቃል ይኑር፣ በሌሊት የሚከፈት አንድ በር ይኑር። እዚህ የምጽፈውም ስለዚህ ነው። ጥቃት የደረሰባት ሴት ታገግማለች ወይስ ትሰበራለች የሚለው ነገር፣ እኔ እንዳየሁት፣ በአብዛኛው የሚወሰነው ከአይዞሽ ቀጥሎ በሚመጣው ዐረፍተ ነገር ነው። ያንን ዐረፍተ ነገር የሚናገረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሐኪም ወይም ፖሊስ አይደለም። እኛ ነን።

ይህን ስል ከስሜት ብቻ ተነስቼ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ሴቶችን ጠይቆ ነበር። ካገቡ ወይም አግብተው ከነበሩ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናገሩ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ውስጥ 66 በመቶዎቹ እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። ለአንድም ሰው። እርዳታ የጠየቁት 23 በመቶ ብቻ ናቸው። እነሱስ ወዴት ሄዱ? በብዛት ወደ ጎረቤት፣ ቀጥሎም ወደ ራሳቸው ቤተሰብ። ጣቢያም፣ ሆስፒታልም፣ ጠበቃም ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። የመጀመሪያው «ቢሮ» የጎረቤት ኩሽና ነው ማለት ነው።

እዚያ ኩሽና ውስጥ ምን ይጠብቃታል? በዚያው ጥናት 63 በመቶ የሚሆኑ ሴቶች ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ቢያንስ አንድ ምክንያት አለ ብለዋል፤ ወጥ ብታሳርር፣ ብትከራከር፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቹን ብትዘነጋ፣ አልተኛም ብትል። ወንዶቹ 28 በመቶ ናቸው። ይህን ቁጥር ይዞ «የሴት ጠላት ሴት ናት» የሚል ሰው በየቲክቶኩ ሞልቷል። እኔ አልስማማም። «ቻይው» ያለቻት ጎረቤታችን ክፉ ሰው አይደለችም። ራሷ ችላ ነው የኖረችው። እናቷም ችላ ነው የሞተችው። ሌላ መንገድ አይታ አታውቅም፣ ስለዚህ የምታውቀውን ሰጠቻት። ይገባኛል። ግን ስለገባኝ ብቻ ትክክል ነው አልልም፣ ምክንያቱም ያ ቃል ሰው ይገድላል።

«ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ሆድ ግን አይፈጀውም። ሆድ የያዘው ነገር እንቅልፍ ይነሳል፣ ራስ ያሳምማል፣ ልጅ ያስመታል፣ አንዳንዴም ራስን እስከ ማጥፋት ያደርሳል። ከባድ አደጋ የደረሰባቸውን ሰዎች ያጠኑ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያገኙት ነገር አለ። የአእምሮ ቁስሉ ጠንቶ እንዲቀር ከሚያደርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ከአደጋው በኋላ ደጋፊ ማጣት ነው፣ አንዳንዴ ከአደጋው ክብደት እንኳ በላይ። ሌላም አለ። ክፉ ምላሽ የሚያደርሰው ጉዳት ጥሩ ምላሽ ከሚሰጠው ጥቅም ሊበልጥ ይችላል። አሥር ሰው አቅፏት አንዱ «ምን ለብሰሽ ነበር?» ቢላት፣ ሌሊት ስትገላበጥ የምትሰማው ያንን አንዱን ነው።

«ለምን አልጮኸችም?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ለብቻው ይነሳ። አደጋ ሲመጣ ሰውነት የሚያውቀው መታገልና መሸሽ ብቻ አይደለም፤ ደንዝዞ መቅረትም አለ። እግር አልታዘዝ ይላል፣ ድምፅ አልወጣ ይላል። መርጣው አይደለም። ከዚያ በኋላ ስትናገር ደግሞ ነገሩን ታምታታለች። የግድግዳውን ቀለም ታስታውሳለች፣ ሰዓቱን አታስታውስም። ትናንት ያለችው ከዛሬው አይገጥምም። ሰሚው «ትዋሻለች» ይላል። የፈራ አእምሮ ነገር የሚይዘው እንዲህ እየቆራረጠ መሆኑን ያወቀ ሰው ግን አይቸኩልም። ዝም ብሎ ያዳምጣል። «እንኳን ነገርሽኝ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አሁን ምን ይሻልሻል?» ይላል። ሦስት አጭር ነገር ናት፣ ስንቶቻችን ግን አፋችን ላይ አለች?

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ጎረቤት ማለት ሕይወት ነው።

አንዲት ሴት ከተደፈረች ኤችአይቪን የሚከላከለውን መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለባት፣ በቶሎ በጀመረች ቁጥር የተሻለ ነው። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ይሰጣል፣ እሱም ቢዘገይ ኃይሉ ይቀንሳል። ሳትታጠብ ብትሄድ ለማስረጃ ይጠቅማል፣ ታጥባ ከሆነም ግን ትሂድ፣ ሕክምናው አይቀርባት። የለበሰችው ልብስ ሳይታጠብ በወረቀት ይጠቅለል፤ ፌስታል እርጥበቱን አምቆ ማስረጃውን ያበላሸዋል። ካረገዘችም፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 በመደፈር የመጣን እርግዝና በሕክምና ማቋረጥ ይፈቅዳል፣ የሴቲቱ ቃልም በቂ ነው። የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ አትባልም። ይህን እንኳን ገጠር፣ ፒያሳ መሐል ያለን ሰዎች ስንቶቻችን እናውቃለን?

ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት። ትልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለን። መድኃኒቱ ችግር አይደለም ማለቴ አይደለም፣ ግን ብዙ ጊዜ ያ 72 ሰዓት የሚያልቀው ቤት ውስጥ ነው። «እስኪ አባቷ ይምጣ»፣ «እስኪ ሽማግሌ ይሰብሰብ»፣ «ስሟ ይጠፋል፣ ማን ያገባታል» እየተባለ ሦስት ቀን ይሄዳል። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት ሌላ ግድግዳ ተጨመረ። ከደምቢያ፣ ከጭልጋ፣ ከወገራ ወደ ከተማ የሚመጣው መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ከመሸ ባጃጅ የለም። ስልክና ኢንተርኔት የጠፋበትን ጊዜ ማንም የረሳው አይመስለኝም። እንዲህ ባለ ጊዜ «ለፖሊስ ደውይ» የሚለው ምክር ባዶ ነው። ያለው ሰው ነው። ከመንደሩ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን የሚያውቅ፣ ጤና ጣቢያ ድረስ በእግር የሚሸኝ፣ ከተማ ውስጥ ማሳደሪያ ያለው ዘመድ።

መድኃኒቱ ደግሞ 28 ቀን ነው የሚዋጠው። ያቅለሸልሻል፣ ያደክማል። ከሁሉም በላይ በዋጠችው ቁጥር ያን ቀን ያስታውሳታል፣ ስለዚህ አንዳንዷ በአሥረኛው ቀን ትተወዋለች። እኔ የማውቃት አንዲት ልጅ 28ቱንም ቀን የጨረሰችው አክስቷ በየማታው ቂጣና ሻይ ይዛ እየመጣች፣ እስክትውጥ ድረስ ስለ ሌላ ሌላ ነገር እያወራች አብራት ስለተቀመጠች ነው። አክስቷ ስለ ጉዳዩ አንድም ቀን አላነሳችባትም። በ29ኛው ቀንም መጣች፣ ቂጣውን ይዛ። ድጋፍ ስል እንዲህ ያለውን ነው። ትልቅ ነገር አይመስልም፣ ፎቶ አይነሳም፣ ግን አይቋረጥም።

ባሕር ዳር በ2015 ተደፍራ ስለተገደለችው የ7 ዓመት ሕፃን በነሐሴ 2016 ምን ያህል እንደተጻፈ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ቁጣው ልክ ነበር፣ እኔም ጽፌያለሁ። ግን ቁጣ ሁለት ሳምንት ነው። እናቷ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላም እናት ናት፤ የቤት ኪራይ አለባት፣ ሌሊት አለባት።

ስለ ሽምግልና ዝም ብዬ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፣ ምክንያቱም የማከብራቸው ሰዎች ይቀየሙኛል። ግን አይታለፍም። ሽምግልና ብዙ ደም ያቆመ ትልቅ ሥርዓታችን ነው። መደፈርን ግን በሽምግልና መዝጋት አይቻልም፣ አይገባምም። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠልፎ የደፈረ ሰው ልጅቷን ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር። ከግንቦት 1997 ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ይህን አስወገደው። በአንቀጽ 587 ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል፣ ከጠለፋ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻም ክስን አያስቀርም። በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ነው፣ እንደ ሁኔታውም ይከብዳል። ሚስትን መምታትም በአንቀጽ 564 ወንጀል ነው፣ የቤት ጉዳይ አይደለም። (ሕጉ የጎደለው ነገርም አለው። አንቀጽ 620 «ከጋብቻ ውጭ» ስለሚል ባል ሚስቱን ቢያስገድድ በዚያ አንቀጽ አይከሰስም። ይህ መስተካከል አለበት፣ ጊዜውም አልፏል።) ስለዚህ ሽማግሌ ተሰብስቦ «ይካሳትና ይታረቁ» ሲል፣ የሚያስታርቀው የራሱ ያልሆነውን ነው። ከሳሹ መንግሥት ነው።

ታዲያ ሽማግሌ ምን ይሥራ? ሥራ ሞልቷል። የተከሳሹ ዘመዶች ምስክር እንዳያስፈራሩ ይገሥጽ። ልብሷንና ዕቃዋን አስወጥቶ ያስረክብ። አባቷን «ልጅህን ከቤት ብታስወጣ አንተን አናውቅህም» ይበል። የንስሐ አባትም እንደዚያው። አንድ ቄስ «ልጄ፣ ይህ ያንቺ ኃጢአት አይደለም» ቢላት፣ የእኔና የናንተ መቶ ቃል የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል። «ትዳር መስቀል ነው፣ ተሸከሚው» ካላት ደግሞ፣ ያ ቃል ወዴት እንደሚወስዳት እሳቸው ቆመው አያዩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፣ ሰው የሚጠፋውም እዚያ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ ይሞላል። ዐቃቤ ሕግ ክስ መሥርቶ ቀጠሮ ሲጀመር ግን፣ አንዴ ምስክር ቀረ፣ አንዴ ዳኛ የለም፣ አንዴ መዝገቡ አልቀረበም እየተባለ ወሩ ይገፋል፣ እሷም በየቀጠሮው ብቻዋን ኮሪደር ላይ ትቆማለች፣ ፊት ለፊት የሱ ወንድሞች። የኛዋ ጎረቤት በመጨረሻ ከቤት የወጣች ሌሊት ልጁ ጨው ብሎ መጣ። እማማ ከፈቱ። ሰነዱ አለ፣ ብሩም 1,840 ደርሶ ነበር። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰች። ወደሱ። ግቢው ሁሉ ተናደደባት፣ «አሁንስ የራሷ ጉዳይ» ተባለ። እማማ ብቻ «በሬ ያው ነው፣ ቃሉም ያው ነው» አሏት። ለሁለተኛ ጊዜ ስትወጣ አልተመለሰችም።

ይህን ማወቅ አለብን። ብዙ ሴቶች ብን ብለው ወጥተው አይቀሩም። ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይወጣሉ። ገንዘብ አለ፣ ልጅ አለ፣ ፍርሃት አለ፣ ፍቅርም ይኖራል። ስትመለስ የተቆጣት ሰው፣ ሁለተኛ ስትወጣ አይነገረውም። ደግሞ ልትወጣ ስትል አደጋው ይጨምራል፣ ስለዚህ «ዛሬውኑ ውጪ» ብሎ መገፋፋትም ደግ አይደለም። ምርጫው የሷ ነው። አንድ ጊዜ ሌላ ሰው በሰውነቷ ላይ ወስኖባታል፣ እኛም በበጎ ልብ ተነሥተን እንድገመው? ምስጢሯንም እንጠብቅ። «ማንም እንዳይሰማ፣ ላንቺ ብቻ» ተብሎ የተላለፈ ወሬ በማግሥቱ ቅዳሜ ገበያ ይደርሳል፣ ያኔ ለሱም ይደርሳል።

ደጋፊዋም ሰው ናት። የጎረቤታችን ባል እማማን አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁሞ «አሮጊት፣ ቤት አፍራሽ» ብሏቸዋል። ለሳምንት ደጅ አልወጡም። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን አይሸከመው። አንዱ ልጆቹን ይያዝ፣ አንዱ ቀጠሮ ይሂድ፣ አንዱ ብድር ይፈልግ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከተመሠረተ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል፣ ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። እንዲህ ያሉ ድርጅቶችን ፈልጎ ማገናኘትም የጎረቤት ሥራ ነው።

ጎረቤት የሌላት ደግሞ አለች። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ የ14 ዓመት ልጅ ማን አላት? ቡናው ላይ አትቀመጥም፣ ቡናውን ታቀርባለች እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች የተስፋፋው «ብሩህ ተስፋ» የተባለው ፕሮግራም ያደረገው ነገር ሁልጊዜ ይደንቀኛል። የሰፈር ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ እነዚህን ልጆች ፈለጉ፣ አሠሪዎቻቸውን አሳምነው በሳምንት ጥቂት ሰዓት አስወጡ፣ ከእኩዮቻቸውና ከአንዲት የሚያምኗት ትልቅ ሴት ጋር አስቀመጧቸው። ሰው ያልነበራትን ልጅ ሰው ሰጧት። በየሰፈራችን ይህን ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ ክፍልና አንድ ጽኑ ሴት ነው።

ያቺ ጎረቤታችን ዛሬ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ትሸጣለች። መነሻው የእቁብ ብር ነው፤ ሴቶቹ ዕጣ ሳይጥሉ የመጀመሪያውን ሰጧት። ዳነች ወይ? በር ድንገት ሲጋጭ አሁንም ትደነግጣለች። የቀጠሮ ሰሞን አትበላም። ግን ሌሊቱን ትተኛለች። ባለፈው ወር ቡና ተራዋ ነበር፣ ስትቆላ ዓይኔን ከሷ ላይ አላነሳሁም። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር።

አሁን የቀረኝ የእድራችን ጉዳይ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ገንዘብ አለን። በኤችአይቪው ዘመን በየአገሩ ያሉ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመመ አስታመዋል፣ ወላጅ የሌለው ሕፃን ረድተዋል። ስለዚህ እድር ለሞተ ብቻ ነው የሚለው አይሠራም። እኔ የምጠይቀው ከካዝናው ትንሽ ተቆርጦ፣ ከቤት ለወጣች ሴት የአንድ ወር የቤት ኪራይና የቀጠሮ ትራንስፖርት እንዲሸፈን፣ ስሟም ከሁለት ሰው በላይ እንዳያውቀው ነው። ገንዘብ ያዡን ባለፈው ሳልፍ ጠየቅኋቸው፣ «እስኪ በስብሰባ አንሽው» አሉኝ። ስብሰባው እሁድ ነው። እማማም እመጣለሁ ብለዋል፣ ከፊት ወንበር እንድይዝላቸው አዘውኛል።